የዓባይ ቁልቁለትና የሃይብሪድ ዝምድና

ከጎሃ ጽዮን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሻገር መኪና ዓባይ በረሃን መውረድ ግዴታው ነው። እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት ከ1,300 ሜትር ይበልጣል። ልምድ ያለው ሾፌር ፍሬኑ እንዳይግልበት በከባድ ማርሽ ይወርደዋል፤ የሚለቀቀው ጉልበት ግን ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ሃይብሪድ መኪና ከዚህ ላይ የተወሰነውን ያስቀራል። ኤሌክትሪክ ሞተሩ በቁልቁለት እንደ ዲናሞ እየዞረ ባትሪ ይሞላል፤ ወደ ደጀን በሚያወጣው ዳገት ላይ ያንኑ መልሶ ለጎማው ይሰጣል። ለደጋ አገር ሌላም ጥቅም አለው። ደብረ ማርቆስ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ቤንዚን ሞተር እዚያ ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አያሻውምና አይደክምም።

የባትሪው ልክ ግን መታወቅ አለበት። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,300 ሜትር ሲወርድ ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ጉልበት ይለቃል። በብዛት የሚታወቁት የቀድሞዎቹ የቶዮታ ፕሪየሶች ባትሪ የሚይዘው 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ድልድዩ ጋ ሳይደረስ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ መኪናውን የሚይዘው ነዳጅ ሳያቃጥል የሚዞረው ቤንዚን ሞተር ነው። ቶዮታ ማርሽ ላይ «ቢ» የምትባለው ቦታ ለዚህ ተሠርታለች፤ ዓባይን በሃይብሪድ የሚወርድ ሁሉ ሊያውቃት ይገባል።

ለመሆኑ ይህን የሃይብሪድ ጥበብ ተፎካካሪ መኪና ሠሪዎች ተዋዋሱት ወይስ በየራሳቸው ደረሱበት? ሁለቱም ሆኗል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቶዮታ ፕሪየስን በ1997 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ለገበያ አቀረበ። በዚያ መኪና ውስጥ ቤንዚን ሞተሩና ሁለት ኤሌክትሪክ ሞተሮች የሚገናኙት በአንድ የጥርስ ስብስብ ነው፤ መሐሉ ላይ አንድ ጥርስ፣ ዙሪያውን ትንንሽ ጥርሶች፣ ከውጭ ቀለበት። ካምቢዮው የሚቀየር ማርሽ የለውም። ሆንዳ ደግሞ በ1999 ኢንሳይትን ሲያወጣ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል አንድ ስስ ኤሌክትሪክ ሞተር አስገባ፤ ሥራውም ቤንዚን ሞተሩን ማገዝ ነበር። ሁለት የጃፓን ተፎካካሪዎች፣ ለአንድ ችግር ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሁለት መልሶች ሰጡ።

የፎርድ ታሪክ ከሁሉም የበለጠ ያስተምራል። የአሜሪካው ኩባንያ በ2004 ኤስኬፕ ሃይብሪድን ሲያወጣ በራሱ መንገድ ሠርቶ የደረሰበት ሥርዓት ከቶዮታ ጋር በጣም የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። ክርክር እንዳይነሳ ሁለቱ ፓተንት ተለዋወጡ፤ ፎርድ የሃይብሪድ ፈቃድ ከቶዮታ ወሰደ፣ ቶዮታም በምላሹ ከፎርድ የጭስ ቅነሳ ፓተንቶችን አገኘ። የኤስኬፕን ካምቢዮ የሠራው አይሲን ደግሞ የቶዮታ ቤተሰብ ኩባንያ ነው። ቶዮታም ቢሆን ከክስ አላመለጠም። ፔይስ የተባለ አነስተኛ የአሜሪካ ኩባንያ ሥርዓቱ የኔን ፓተንት ይጥሳል ብሎ በ2004 ከሰሰው፤ በ2010 በስምምነት ጨረሱ። አንድ ሐሳብ ጊዜው ሲደርስ ብዙ ሰው በየፊናው ይደርስበታል፤ ውለታውን የሚከፋፍለው ፓተንቱና ውሉ ነው።

ኒሳን በመጀመሪያ ገዝቶ ጀመረ፤ ከ2007 አንስቶ የተሸጠው አልቲማ ሃይብሪድ የቶዮታን ሥርዓት የያዘ ነበር። በ2016 ግን በኖት መኪና ላይ ኢ-ፓወር የሚባለውን የራሱን አመጣ፤ በዚህኛው ቤንዚን ሞተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል እንጂ ጎማ አይነዳም። ማዝዳም ከቶዮታ ፈቃድ ወስዷል። በአዲስ አበባ ታክሲነት ዲዛየር የተባለች መኪናው የምትታወቀው ሱዙኪ፣ በ2020 አውሮፓ ውስጥ የሸጠው ስዌስ ምልክቱ የሱዙኪ ይሁን እንጂ የቶዮታ ኮሮላ ሃይብሪድ ነው። ቶዮታ በ2019 ከ23,000 የሚበልጡ ከኤሌክትሪክ ጉልበት ጋር የተያያዙ ፓተንቶቹን እስከ 2030 መጨረሻ ያለ ክፍያ መጠቀም እንደሚቻል አስታውቋል። ይህን ያደረገው ገበያውን ለማስፋትና የራሱን ሥርዓት ለሌሎች ለመሸጥ መሆኑ አያጠራጥርም፤ እኔ ግን በበጎ እቀበለዋለሁ።

ይህ ዝምድና ደብረ ማርቆስ ጋራዥ ውስጥ ለሚሠራ ሰው የእንጀራ ጉዳይ ነው። አገራችን በራሷ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለወሰነች፣ ቀድመው የገቡት መኪናዎች ለብዙ ዓመት እየተጠገኑ መሄዳቸው አይቀርም። የፕሪየስን ጥርሶች ፈትቶ የገጠመ መካኒክ አልቲማ ሃይብሪድ ቢመጣለት ግራ አይጋባም፤ የሆንዳ ኢንሳይት ሲገጥመው ግን ከሀ መጀመር አለበት። ስለዚህ ሙያ ማሠልጠኛዎች ሃይብሪድን ሲያስተምሩ በመኪናው ምልክት ሳይሆን በሥርዓቱ ዘር ቢከፋፍሉት እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ትምህርት ግን ለሁሉም አንድ ነው፦ እዚህ በስም የጠራኋቸው ሃይብሪዶች ባትሪ ከ100 ቮልት በላይ ይይዛል፣ ይገድላል፤ ገመዶቹ ብርቱካንማ የተቀቡትም ለማስጠንቀቅ ነው። ዋናው ማቋረጫ ተነቅሎ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ማንም እጁን አያስገባ።