ክሬኑን የጣለው ነፋስ ብቻ አልነበረም

ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2015። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 6 ቀን 2007፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። አመሻሽ ላይ መካን ከባድ ነፋስና ዝናብ መታት። ለታላቁ መስጊድ ማስፋፊያ የቆመ ግዙፍ ክሬን ምእመናን በሞሉት መስጊድ ላይ ወደቀ። 111 ሰዎች ሞቱ፣ 394 ቆሰሉ። ሐጅ ሊጀመር ሁለት ሳምንት እንኳ አልቀረውም ነበር።

ያን ሰሞን ብዙዎች ነገሩን ለነፋሱ ሰጥተው አለፉ። ምርመራው ግን ከነፋሱ አልፎ ሄደ። በአምራቹ መመሪያ መሠረት ክሬኑ ሥራ ሲያቆም ረጅሙ ክንዱ መውረድ ነበረበት፤ እንደተሰቀለ ቀረ። የፕሮጀክቱ የደህንነት ኃላፊዎች የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያዎችን በሚገባ አልተከታተሉም። የነፋሱ ፍጥነት አልተለካም። የክሬኖቹ ሁኔታ እንዲፈተሽ ለተጻፉ ደብዳቤዎችም ተገቢው ምላሽ አልተሰጠም።

አንድ በአንድ ሲታዩ ከእነዚህ አብዛኞቹ በየግንባታ ቦታው የምናያቸው ግድፈቶች ናቸው። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጄምስ ሪዝን የአደጋ መከላከያዎችን ቀዳዳ ባለው አይብ መስሏቸዋል፤ ቁራጮቹ ተደርድረው ቀዳዳቸው በአንድ መስመር ሲገጥም አደጋው ያልፋል። የእኛ አይብ ቀዳዳ ስለሌለው ያረጁ ሰሌኖች ተደራርበው ፀሐይ ላይ ሲሰቀሉ ማሰብ ይሻላል።

ጥፋተኛውን መለየት ለፍርድ ቤትም ቀላል አልሆነም። በ2017 የመካ የወንጀል ፍርድ ቤት 13ቱን ተከሳሾች በነፃ አሰናበተ። ተቋራጩ ቢን ላደን ግሩፕ 20 ሚሊዮን ሪያል የተቀጣው ከዓመታት በኋላ ጉዳዩ እንደገና ታይቶ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ያ ክንድ እንደተሰቀለ ስንት ሠራተኛ እያየው አለፈ? ያየው ሰውስ ለማን ይናገር ነበር?

ጅዳ ውስጥ ለአገሬ ልጆች የደህንነት ገለጻ ስተረጉም ይህ ጥያቄ ይመላለስብኛል። በር ላይ «አስ-ሰላማ አወለን» የሚል ጽሑፍ አለ፣ ደህንነት ይቅደም ማለት ነው። (አዲስ የገቡት ሰላምታ ይመስላቸዋል፤ የቃሉ ሥር አንድ ስለሆነ አልፈርድባቸውም።) ገለጻው ሲያልቅ «ገባችሁ?» ይባላል። ሁሉም «አዎ» ይላል፣ ይፈርማል።

ከዚያ ጽሑፍ አጠገብ ያለ አደጋ ያለፉ ቀናት የሚቆጠሩበት ሰሌዳ አለ። ቁጥሩ ሲያድግ ፎርማኑ ይመሰገናል፤ አንድ ሰው ተጎዳሁ ካለ ወደ ዜሮ ይመለሳል። እንግዲህ ጣቱ የተቆረጠው ሰው ምን ያደርጋል? በጨርቅ ጠቅልሎ ዝም ይላል። ሰሌዳው የሚለካው አደጋን ሳይሆን ዝምታን ይሆናል ማለት ነው። ቁጥሩ ባማረ መጠን ኃላፊው ይዘናጋል፣ ትንሹ ብልሽት ሳይጠገን ይቆያል። ማንም ክፉ ሰው ሳይኖር፣ ሁሉም ሥራውን በቅንነት እየሠራ፣ ሥርዓቱ ራሱ አደጋ ያመርታል።

ዝምታው ከግቢው ውጭም ሥር አለው። ኢቃማው በአሠሪው እጅ የሆነ ሰው ከፎርማን ጋር አይከራከርም። ከማርች 2021 ጀምሮ ሠራተኞች በተወሰኑ ሁኔታዎች ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ መቀየር ቢችሉም፣ ብዙ እህቶቻችን የሚሠሩበት የቤት ሠራተኝነት በዚያ ማሻሻያ አልተካተተም። ይህ በደህንነት መዝገብ ውስጥ አይገባም፤ መግባት ግን ነበረበት።

ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት መከልከሉን የምወደው የሠራተኛውን ድፍረት ስለማይጠይቅ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ሥራው መቆም አለበት። የማስረከቢያው ቀን ካልተራዘመ ግን ሥራው ወደ ሌሊት ይገፋል፣ ድካሙም አብሮ።

በቅርቡ አንድ ግቢ ውስጥ ኃላፊውን አስፈቅጄ «ገባችሁ?» የሚለውን ተውኩትና «ትናንት ምን ሊጥልህ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ። ረጅም ዝምታ ሆነ። ከኋላ የቆመ አንድ ልጅ የመሰላሉ አንድ እግር ጎማ ከወለቀ ሳምንት እንዳለፈው ተናገረ። ኃላፊው ሄዶ አየው። ማን እንደሰበረው አልጠየቀም፤ መሰላሉ ከሰዓት በፊት ተነሣ።