ነፍስ የአምላክ ክፋይ ናትን?

እግዚአብሔር አዳምን ከምድር አፈር አበጅቶ የሕይወትን እስትንፋስ እንዳሳደረበት በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ቍጥር 7 ተጽፏል። ከዚህ ቃል ተነሥተው፥ እስትንፋሲቱ ከእርሱ ከወጣች ነፍስ የባሕርዩ ክፋይ ናት፤ በሰው ሁሉ አድሮ የሚያስበው አንዱ አምላካዊ ልብ ነው፤ እኔና አንተ መባባልም ስም ብቻ ነው የሚሉ አሉ።

ነገሩ ጥንታዊ ነው። ከጽርእ ፈላስፎች ወገን ኢስጦኢኮች ነፍስን የአምላክ ቍራጭ ይሏት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ244 ዓመት ጀምሮ በሮሜ ያስተማረው ጵሎጢኖስም፥ ነፍሳት ሁሉ አንድ ናቸውን ብሎ ጠይቆ፥ ብዙ ሳሉ በምንጫቸው አንድ ናቸው ብሏል። በህንድ አገር ሻንካራና ተከታዮቹ የሰው ውስጠኛ ነፍስ ከብራህማን ልዩ አይደለችም ይላሉ። ማሰሮ በተሰበረ ጊዜ በውስጡ የነበረው ባዶ ስፍራ ከውጭው ጋራ አንድ እንዲሆን፥ ሰውም አለማወቁ ሲወገድለት እንዲሁ ነው ብለው ይመስላሉ።

እኛ ግን እንዲህ አንልም። ስለ ምን ቢሉ፥ መለከት የሚነፋ ሰው እስትንፋሱን ለቀንዱ ይሰጣል፤ ቀንዱም ይጮኻል፤ የነፊው ባሕርይ ግን በቀንዱ አይከፈልም። እፍ አለበት ማለትም ለባዊት፥ ነባቢት፥ ሕያዊት ነፍስን ካለመኖር ወደ መኖር አምጥቶ ከሥጋ ጋራ አዋሐዳት ማለት ነው። እስትንፋስ መባሏ ክብሯን ያስረዳል እንጂ ባሕርይዋን አያስተካክልም።

አንድም አምላክ አይስትም፥ አይጸጸትም፤ ነፍስ ግን ትስታለች፥ ትጸጸታለች። ሁሉ አንዱ አምላክ ከሆነ፥ ቃየል አቤልን በገደለ ጊዜ ገዳይም ሟችም እርሱ ነው ያሰኛል። እንኪያስ የአቤል ደም ከማን ወደ ማን ጮኸ? ድኃ ተበደልሁ ብሎ ከመኳንንት ደጅ ቢቆም፥ አንተና በዳይህ አንድ ናችሁ ብሎ መመለስ ፍርድን ማጥፋት ነው። ፍቅርም ይጠፋል፤ ባልንጀራን መውደድ ወዳጅና ተወዳጅ ሁለት ሲሆኑ ነውና።

ጳውሎስ በአቴና በአርዮስፋጎስ ቆሞ፥ ሕይወታችንና መንቀሳቀሳችን በእርሱ እንደ ሆነ የተናገረውስ ምንድር ነው ቢሉ፥ ዓሣ በባሕር ይኖራል፤ ከባሕር ቢወጣ ይሞታል፤ ዓሣ ግን ባሕር አይደለም። የእርሱ ዘመዶች ነን የሚለውንም ከጽርእ ባለቅኔ ወስዶ የተናገረው ለጣዖት መስገድ የማይገባ መሆኑን ለማስረዳት ነው። ዝምድናው የፈጣሪና የአርአያው ነው፤ በጸጋም ልጅነት ይጸናል፤ የባሕርይ አይደለም።

ነገር ግን ከሐሳባቸው የማይጣል አንድ ቁም ነገር አለ። የጌታም የሎሌም ነፍስ ከአንዱ ፈጣሪ እጅ ወጥታለች። ስለዚህ ሎሌውን የሚንቅ ጌታ በራሱ ያለውን አርአያ ይንቃል። ይህን ለማወቅ ግን ሁለቱን አንድ ማድረግ አያስፈልግም፤ ፈጣሪያቸው አንድ መሆኑ ይበቃል።

ለኀዘንተኛም የሚጠቅመው ይህ ነው። ነፍስ ከባሕር እንደ ገባች ጠብታ የምትጠፋ ብትሆን፥ ቤተ ክርስቲያን በፍትሐትና በተዝካር የሟቹን የክርስትና ስም ስለ ምን ትጠራ ነበር? በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 16 አልዓዛር ከሞተ በኋላ በአብርሃም እቅፍ አልዓዛር ይባላል፤ አብርሃምም አብርሃም ይባላል። ተገናኙ፥ ተቃቀፉ፤ አልተቀላቀሉም። እናት በልጇ መቃብር ላይ በስሙ ጠርታ ብታለቅስ፥ ባለቤቱ ያለ ስም ነውና፥ ከንቱ ጠራሽ አትባልም።