ከዋናው መሥሪያ ቤት እስከ ሰበታው መጋዘን፦ የቢዝነስ ሶፍትዌር አማካሪ አመራረጥ

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን በጅማ፣ በአምቦና በጎጃም መውጫዎች በኩል የሚያዋስኑ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉ ከተሞች ናቸው። በእነርሱ ውስጥ ከሚገኙት የቢራ፣ የታሸገ ውኃ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የምግብ ማቀነባበሪያና የአበባ ድርጅቶች ብዙዎቹ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ዕቃው የሚመረትበት፣ የሚመዘንበትና የሚጫንበት ቦታ እዚያው ከተሞቹ ውስጥ ሲሆን፣ ውል የሚፈረምበት፣ ቼክ የሚወጣበትና ሒሳብ የሚዘጋበት ዋና መሥሪያ ቤት ግን አዲስ አበባ ነው። በመካከላቸው ያለው መንገድ ከ15 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ የመጋዘን ሠራተኛው በቢን ካርድ ላይ፣ ማለትም የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ በሚጻፍበት ካርድ ላይ ያሰፈረው ቁጥር፣ የሒሳብ ክፍሉ በፒችትሪ ከያዘው፣ የሽያጭ ክፍሉም በኤክሴል ካጠራቀመው ጋር ሳይገጥም ወሩ የሚያልቅበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

እንዲህ ያለው ድርጅት ሥራው እየሰፋ ሲሄድ ፊቱን የሚያዞረው ኢአርፒ ወደሚባለው ሥርዓት ነው። ኢአርፒ ግዥን፣ መጋዘንን፣ ምርትን፣ ሽያጭን፣ ደመወዝንና ሒሳብን በአንድ የመረጃ ቋት የሚያስተሳስር ሶፍትዌር ሲሆን፣ ጥሬ ዕቃ ሰበታ ላይ ተመዝኖ ሲገባ የመጋዘኑ ቀሪ፣ ለአቅራቢው የሚከፈለው ሒሳብና የምርት ዕቅዱ በአንድ ምዝገባ አብረው እንዲለወጡ ያደርጋል። ከዓለም አቀፎቹ ኤስ.ኤ.ፒ፣ ኦራክልና ማይክሮሶፍት ዳይናሚክስ፣ ኮዳቸው ለሕዝብ ክፍት ከሆኑት ደግሞ ኦዱና ኢአርፒኔክስት የታወቁ ናቸው፤ አገር ውስጥ የተሠሩም አሉ። ሶፍትዌሩን ከድርጅቱ አሠራር ጋር አጣጥሞ የሚተክለው ግን አብዛኛውን ጊዜ አማካሪ ድርጅት እንጂ አምራቹ ራሱ አይደለም። ባለንብረቶችና ሥራ አስኪያጆች ወራት የሚፈጁት የትኛው ምርት ይሻላል በሚለው ክርክር ሲሆን፣ ለአማካሪው ምርጫ የሚተርፈው ጊዜ ዋጋ ለማነጻጸር የሚበቃ ብቻ ነው፤ ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ ይኖርበታል።

ለዚህ አባባል ከሩቅ ሳይሆን ከኢትዮጵያ መንግሥት የፋይናንስ ማሻሻያ ማስረጃ ማቅረብ ይቻላል። ከ1989 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ በቆየውና በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በተደገፈው ፕሮግራም፣ አይቤክስ የተባለው የበጀትና የወጪ መመዝገቢያ ሥርዓት ደረጃ በደረጃ ተሠርቶ እስከ ወረዳ ድረስ ዘልቋል። ፕሮግራሙን የመሩት ስቲቨን ፒተርሰን እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት፣ ቅዱሳንን፣ አጋንንትን፣ ጠንቋዮችንና ሥርዓቶችን በርዕሱ በጠቀሰ ጥናት፣ በአፍሪካ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶች የሚካሄዱ የኮምፒውተር ማሻሻያዎች የሚከሽፉት በዋነኛነት በአስተዳደር ጉድለት መሆኑን ተከራክረዋል፤ ጠንቋዮች ያሏቸውም ቴክኒኩን የሚያውቁትን ባለሙያዎች ነው። በዚያ ፕሮግራም የተያዘው መንገድ ነባሩን አሠራር ጠንቅቆ አውቆ እያሻሻሉ መሄድ ስለነበር፣ አማካሪው ለዓመታት አብሮ መቆየት፣ ፎርሙን፣ ዶሴውንና የሒሳብ ሹሙን ልማድ ማወቅ ነበረበት። የግል ፋብሪካ አሥር ዓመት የሚጠብቅበት ምክንያት የለም፤ የሚተክለውን ሥራ በቅርብ ሳያይ ዋጋ የሚያቀርብ አማካሪ ግን መንግሥትንም ሆነ ነጋዴን አይጠቅምም።

አሠራርን አለማወቅ የሚያስከፍለው ዋጋ በሀብታም አገሮችም ታይቷል። ሊድል የተባለው የጀርመን የሱፐርማርኬት ድርጅት በኤስ.ኤ.ፒ ላይ የተመሠረተውን አዲስ ሥርዓቱን ሰባት ዓመት ከደከመበትና 500 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ካወጣበት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 አቁሞታል። ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ሊድል የመጋዘን ዕቃውን በግዥ ዋጋ የሚቆጥር ሲሆን፣ የሶፍትዌሩ መደበኛ አሠራር ግን በመሸጫ ዋጋ የሚቆጥር መሆኑ፣ ድርጅቱም ልማዱን ለመተው ባለመፈለጉ ሶፍትዌሩ ከመጠን በላይ እንዲቀየር መደረጉ ነበር። በዚህ ረገድ የአማካሪ ሁለት ግዴታዎች ጎልተው ይታያሉ፤ የድርጅቱን የተለየ አሠራር በጊዜ ለይቶ ማወቅና፣ ከዚያ ውስጥ የትኛው መጠበቅ፣ የትኛው መተው እንዳለበት ለባለቤቱ ሳይፈሩ መናገር።

የተለየ አሠራር ምን እንደሚመስል ለማየት የቢራ ሽያጭን መመልከት ይበቃል። አንድ የጭነት መኪና ከፋብሪካው በር ሲወጣ በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ 24 ጠርሙስ ቢራ ይዞ ቢሆንም፣ የሚሸጠው ቢራው እንጂ ጠርሙሱና ሣጥኑ አይደሉም፤ አከፋፋዩ ባዶውን ሲመልስ ይቆጠርለታል፣ ያልመለሰው በስሙ ይቀራል፣ የተሰበረውም ተለይቶ ይጻፋል። ስለዚህ በአንድ የመውጫ ፈቃድ ላይ ሁለት ሒሳብ አለ፤ አንዱ የገንዘብ፣ ሌላው የባዶ ጠርሙስና ሣጥን። ይህን በበሩ ላይ ቆሞ ያላየ አማካሪ ሽያጩን ብቻ የሚመዘግብ ሥርዓት ተክሎ ሊሄድ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የባዶው ሒሳብ ወደ ድሮው ደብተር ይመለሳል፣ ደብተሩና ኮምፒውተሩም በዓመቱ ቆጠራ ላይ ይጣላሉ።

ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር ከአገሩ ሕግና ልማድ ጋር መጣጣሙ ሌላው መፈተኛ ነው። የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር 13 ወራት ስላሉት፣ የጳጉሜን ግብይትና ደመወዝ ከየትኛው ወር ጋር እንደሚታይ ሥርዓቱ ማወቅ አለበት፤ የመንግሥት የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ሲሆን፣ በዚሁ የሚዘጉ የግል ድርጅቶችም ብዙ ናቸው። 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ሲከፈል ተቀንሶ የሚያዝ ግብር፣ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የሚዋጣው የጡረታ መዋጮና የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ትስስርም አሉ። እነዚህ ተመኖች ይለወጣሉ፤ በ2017 ዓ.ም. ክረምት የገቢ ግብር ዐዋጁ ሲሻሻል ከግብር ነፃ የሆነው ወርኃዊ ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ማለቱ የቅርብ ምሳሌ ነው። ስለዚህ አማካሪው የደመወዝ ስሌቱ ትክክል መሆኑን ከማሳየት አልፎ፣ አዲስ ዐዋጅ ሲወጣ የድርጅቱ ሒሳብ ሠራተኛ ተመኑን ያለ ፕሮግራም ጸሐፊ እርዳታ እንዴት እንደሚቀይር እዚያው ፊት ለፊት ማሳየት ይኖርበታል። ከተሞቹ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ በመሆናቸው ደግሞ የመጋዘንና የምርት ሠራተኞችን በአፋን ኦሮሞ ማሠልጠን የሚችል ባለሙያ በቡድኑ ውስጥ መኖሩ፣ ለጨዋነት ከመጨነቅ ያለፈ፣ ምዝገባው በትክክል እንዲካሄድ የሚያስፈልግ ነገር ነው።

እነዚህን ነገሮች በሚያምር የማሳያ ዝግጅት ላይ መለየት አስቸጋሪ ነው፤ ማሳያ፣ በተለምዶ ዲሞ የሚባለው፣ አማካሪው አስቀድሞ ባሰናዳው መረጃ የሚቀርብ በመሆኑ ሁልጊዜ ያምራል። የተሻለው መንገድ ለመጨረሻ የቀሩትን ሁለት ወይም ሦስት ተወዳዳሪዎች ዋጋ ከማቅረባቸው በፊት ፋብሪካው ድረስ መጥራት፣ ከበሩ እስከ መጋዘኑ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን እንዲውሉ ማድረግ፣ ከዚያም የድርጅቱን የራሱን የአንድ ወር ደረሰኞችና የመጋዘን ወረቀቶች ሰጥቶ በእነርሱ ላይ እንዲያሳዩ መጠየቅ ነው። በዚያ ቀን የመጋዘን ኃላፊውን ቁጭ አድርጎ የሚጠይቅ፣ የተሰረዘና የተደለዘ ቢን ካርድ ለምን እንደተደለዘ የሚያጣራ ባለሙያ ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ካልወጣው ይለያል። በቴክኒክ ሰነዱ ላይ የትምህርትና የሥራ ልምዳቸው የቀረበው ሰዎች በስማቸው ውሉ ውስጥ መግባታቸውም አስፈላጊ ነው፤ ጨረታውን ያሸነፉት አንጋፋዎች ሆነው ሥራውን የሚሠሩት ጀማሪዎች የሚሆኑበት አጋጣሚ በዚህ ሙያ የተለመደ ስለሆነ፣ ሰው ሲለወጥ የድርጅቱ የጽሑፍ ፈቃድ እንዲያስፈልግ ማድረግ ይቻላል።

ስለ ዋጋ ሲነሳ ከአማካሪው ክፍያ ጎን ለጎን የፈቃድ ክፍያ፣ ማለትም ላይሰንስ፣ በምን ገንዘብ እንደሚታሰብ መታየት አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ዓመታዊ ላይሰንሱን በዶላር የሚከፍል ድርጅት በተጠቃሚ ብዛት ላይ ምንም ሳይጨምር ወጪው እጥፍ ሊሆንበት ችሏል። አማካሪው የዚህን ዓይነት ለውጥ አስቀድሞ አስልቶ ለአምስት ዓመት የሚዘልቅ የወጪ ግምት ካላቀረበ፣ ርካሽ መስሎ የቀረበው ዋጋ የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ብቻ ነው።

ሶፍትዌሩ የሚቀመጥበት ቦታም ከዚሁ ጋር ይታያል። በክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚደረስበት የሌላ ድርጅት ሰርቨር ላይ የሚሠራ ሥርዓት ለመጀመር ቀላል ቢሆንም፣ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲቋረጥ የጭነት መኪኖች ከበር መውጣታቸውን አላቆሙም። ስለዚህ መስመሩ ሲጠፋ ፋብሪካው በምን እንደሚመዘግብ፣ ሲመለስም የተጠራቀመው እንዴት እንደሚገባ የሚያሳይ ዕቅድ ከአማካሪው መጠየቅ ተገቢ ነው። ማሻሻያ ሲጫን የሚደረገው ፍተሻም ከዚህ አያንስም። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣት የቻሉበትና፣ ባንኩ እንዳስታወቀው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ የወጣበት ክስተት፣ የባንኩ ኃላፊዎች እንደገለጹት የመነጨው ከሥርዓት ማሻሻያ እንጂ ከውጭ ጥቃት አልነበረም። ትንሽ ፋብሪካም ቢሆን ለውጥ የሚሞከርበት፣ ከሥራው የተለየ የመሞከሪያ ቅጂ ሊኖረው ይገባል።

ሥራ የሚጀመርበትን ቀን መምረጥ የባለቤቱ ብቻ ሥራ ይመስላል፤ ሆኖም ጥሩ አማካሪ በዚህ ላይም ይከራከራል። የአሜሪካው የቸኮሌት አምራች ኸርሺ እ.ኤ.አ. በ1999 112 ሚሊዮን ዶላር ያወጣበትን ሥርዓት ከትልቁ የጣፋጭ ሽያጭ ወቅት በፊት አስጀምሮ፣ ዕቃው መጋዘን ውስጥ እያለ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ትእዛዝ ማድረስ ተስኖት ነበር። ለሰበታ ቢራ ወይም ለሱሉልታ ውኃ የዚያ ተመሳሳይ የእንቁጣጣሽና የፋሲካ ዋዜማ ነው። ሐምሌ 1 ለሒሳቡ ንጹሕ መነሻ ቢሆንም የዓመቱ መዝጊያና ቆጠራ የሚደራረብበት በመሆኑ፣ የቢራ ገበያ ቀዝቀዝ በሚልበት በዐቢይ ጾም ጀምሮ፣ ሁለት ወር ያህል አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ማስኬድ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

መረጃው የማን እንደሆነ የሚወስነው አንቀጽ ብዙ ጊዜ ሳይነበብ ይፈረማል። በሰበታ የሚገኘው መታ አቦ ቢራ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 ከመንግሥት ወደ ዲያጂዮ በ225 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2022 ደግሞ ወደ ቢ.ጂ.አይ ኢትዮጵያ ተዛውሯል፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ባለቤት እንዲህ ሊለዋወጥ ሲችል፣ የዋናው አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል በአማካሪው እጅ ብቻ መቅረቱ፣ ወይም መረጃው ሊነበብ በሚችል መልክ የማይወጣ መሆኑ፣ ለገዢውም ለሻጩም ከባድ ችግር ይሆናል። ውሉ መረጃው፣ የተጻፈው ተጨማሪ ኮድና የይለፍ ቃሎቹ የድርጅቱ እንደሆኑ፣ ርክክቡም መጠባበቂያ ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሶ በማንሳት እንደሚረጋገጥ መደንገግ አለበት። ክፍያውም በወር ቁጥር ሳይሆን ተሠርቶ በተረጋገጠ ሥራ ላይ ተከፋፍሎ፣ ከጠቅላላው ቢያንስ አንድ ክፍል የመጀመሪያው ዓመት ሒሳብ በአዲሱ ሥርዓት ተዘግቶ፣ የውጭ ኦዲተር መርምሮት፣ የመጋዘኑ ቆጠራም ከኮምፒውተሩ ቀሪ ጋር እስከሚታረቅበት ቀን ድረስ ተይዞ ይቆያል።