የኳንተም ኮምፒውተር ስጋት፦ ዛሬ የተቆለፈ ምስጢር ነገ ይከፈት ይሆን?

ከናይሮቢ እስከ አዲስ አበባ በርካቶች ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱት በእጅ ስልካቸው ነው። በኢንተርኔት የሚተላለፉ መልዕክቶችን ከሰርጎ ገቦች ከሚጠብቁ የምስጠራ ዘዴዎች አንዱ አርኤስኤ ይባላል። ዘዴው የቆመው በአንድ ሐቅ ላይ ነው፤ ሁለት ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮችን ማባዛት ቀላል ሲሆን፣ ከውጤቱ ተነስቶ ቁጥሮቹን ማግኘት ግን ለዛሬ ኮምፒውተሮች እጅግ አዳጋች ነው።

ይህን ሐቅ የሚፈታተነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1900 በጀርመናዊው ማክስ ፕላንክ ሥራ የተጀመረው የኳንተም ሳይንስ ነው። የተለመደው ኮምፒውተር መረጃን የሚይዘው ዜሮ ወይም አንድ አድርጎ ነው። የኳንተም ኮምፒውተር መረጃ መያዣ የሆነው ኪዩቢት ግን እስኪለካ ድረስ በሁለቱ ጥምር ሁኔታ ውስጥ መቆየት ይችላል። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ፒተር ሾር በ1994፣ በቂ አቅም ያለው የኳንተም ኮምፒውተር የተሰወሩትን ቁጥሮች በፍጥነት ሊያገኝ እንደሚችል አሳዩ።

እንዲህ ያለ ማሽን እስካሁን በይፋ አልታየም። ኪዩቢቶች በጥቂት ሙቀት እንኳ ስለሚረበሹ ስህተት ይበዛባቸዋል። ስጋቱ ግን ለነገ የሚባል አይደለም። ዛሬ የተጠለፈ መረጃ ተከማችቶ ማሽኑ ሲደርስ ሊፈታ ይችላል፤ የሕክምና መዝገብና የመንግሥት ሰነድ ደግሞ ለአሥርት ዓመታት በምስጢር ሊጠበቁ ይገባል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ይህን ጥቃት እንዲቋቋሙ የተነደፉ ሦስት ደረጃዎችን በነሐሴ 2024 ይፋ አድርጓል። አዲሶቹ ዘዴዎች በተለመደው ኮምፒውተር ስለሚሠሩ ባንኮች የኳንተም ማሽን መግዛት አያሻቸውም። የሚያሻቸው የትኛው ሥርዓታቸው በአሮጌው ቁልፍ እንደተዘጋ ከወዲሁ መለየት ነው።