ከመቱ ጭቃ ወደ ኮሎራዶ በረዶ

ለኢሉባቦር ሰው በረዶ ማለት በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድብ፣ የበቆሎ ቅጠል የሚበጣጥስ፣ ከብት ጠባቂውን ልጅ ወደ ዛፍ ሥር የሚያስሮጥ ነገር ነው። ተራራ ለብሶት የሚከርመውን፣ ሰው በሁለት ቀጫጭን ሳንቃዎች ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚንሸራተትበትን በረዶ መቱም፣ ጎሬም፣ በደሌም የሚያውቁት በቴሌቪዥን ነው። ዳሩ ግን ባሕር ማዶ ዘመድ ያለው ሰው አንድ ቀን ለገና ተጠርቶ፣ ቪዛውም ተሳክቶለት፣ ዴንቨር ወይም ሚኒያፖሊስ ከገባ በኋላ «ቅዳሜ ስኪ እንሄዳለን፤ ተዘጋጅ» ሊባል ይችላል። «ለመንሸራተት ነው? እኔን የኢሉባቦር ጭቃ ያሳደገኝን!» ብሎ ነገሩን ቀለል አድርጎ የሚያየው ሰው ነው በመጀመሪያው ቀን ጉልበቱን ይዞ የሚመለሰው።

ስፖርቱ ለኢትዮጵያ ጭራሽ ባዕድ አይደለም። እንደሚታወሰው አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ገብቷል። በ15 ኪሎ ሜትር የአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሮም 83ኛ ወጥቷል። በ2010 ቫንኩቨር ላይ ዳግም ተሰልፎ 93ኛ ሆኗል። አዲስ አበባ በነበረበት ጊዜ ልምምዱን የሚሠራው ጎማ በተገጠመለት ስኪ አስፋልት ላይ ነበር። (ይህን አይቶ በመቱና በጎሬ መካከል ባለው መንገድ ልሞክር የሚል ካለ፣ ይህ መሣሪያ እንደ መኪና ፍሬን እንደሌለው፣ የጭነት መኪናውም ዞር እንደማይልለት ይወቅ።) ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ በ2014፣ በ2018 እና በ2022 በተካሄዱት የክረምት ኦሊምፒኮች አልተወከለችም።

ለጀማሪ የበለጠ የሚያስተምረው ግን የጎረቤታችን የኬንያዊው የፊሊፕ ቦይት ታሪክ ነው። ቦይት የመካከለኛ ርቀት ሯጭ ነበር። በረዶ ሳያውቅ አድጎ ፊንላንድ ሄዶ ሠለጠነ፤ በ1998 በናጋኖ በ10 ኪሎ ሜትር ተወዳደረና የመጨረሻ ወጣ። ከአሸናፊው ከኖርዌያዊው ቢዮርን ዴሊ በ20 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ሲገባ፣ ዴሊ መድረሻው ላይ ቆሞ ጠብቆ አቅፎታል። ሳንባውና እግሩ የሯጭ ነበሩ። የጎደለው በበረዶ ላይ መቆምን የተማረ ሰውነት ነው። የእኛም ሰው «ደገኛ ነኝ፣ ሯጭ ነኝ» ብሎ የሚመካበት ነገር እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚያደርሰው።

የደገኝነቱ ነገር ራሱ በቁጥር ሲታይ ያስገርማል። መቱ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 600 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ዴንቨርም እንዲሁ! የመቱ ልጅ ዴንቨር ሲገባ አየሩ አይከብደውም ማለት ነው። ስኪው ያለው ግን ዴንቨር ከተማ ውስጥ አይደለም። ወደ ቬይል የሚሄደው መኪና ከ3 ሺህ 400 ሜትር በላይ ባለው ዋሻ አልፎ፣ ግርጌው 2 ሺህ 500 ሜትር ግድም፣ ጫፉ ከ3 ሺህ 500 የሚበልጥ ተራራ ላይ ነው የሚያወርደው። ስለዚህ በደረሱበት ዕለት ወዲያው መውጣት አይመከርም። አንድ ሁለት ቀን ማረፍ፣ ውኃ በብዛት መጠጣት፣ ራስ ምታት ከበረታ ወደ ታች መውረድ ያስፈልጋል። በደሌን ከቢራዋ ጋር የሚያውቃት እንግዳም ቢሆን ብርጭቆውን ከስኪው በኋላ ቢያደርገው ይሻለዋል።

እግርን ማዘጋጀት ከጉዞው ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ እዚሁ የሚጀመር ሥራ ነው። ወደ ሶር ፏፏቴ ወርዶ የወጣ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፦ ሲወጡ የሚደክመው ልብ ነው፤ በማግስቱ ደረጃ የሚያስጠላው ግን በመውረድ የታመመው ጭን ነው። ስኪ ቀኑን ሙሉ መውረድ ነው። ጭን እየተለጠጠ ክብደት ይሸከማል፤ ጉልበትም ተጎንብሶ ይውላል። ለዚህ ጂም አያስፈልግም። ጀርባን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ወንበር እንደሌለው ሰው መቀመጥና እስኪንቀጠቀጡ መቆየት፣ ቁጢጥ ብሎ ደጋግሞ መነሳት፣ በአንድ እግር መቆም፣ ወደ ጎንና ጎን መዝለል፣ ዳገት ወጥቶ ቀስ ብሎ መውረድ ይበቃል። የስኪው ወቅት ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ስለሆነ ዝግጅቱ የሚውለው በቡና ለቀማው ሰሞን ነው። በያዩ ተዳፋት ላይ ቡና ሲለቅም የከረመ ወጣት ከከተሜው ቢሮ ሠራተኛ በብዙ እጅ ቀድሟል።

ያ ቀድሞ የሄደ ወጣት የሚሳሳተው ሌላ ቦታ ነው። በቀይ ጭቃ ቁልቁለት የሚወርድ የኢሉባቦር ሰው ወደ ኋላ ጋደል ይላል፤ ተረከዙን መሬት ውስጥ ይተክላል፤ ካልሆነለትም ይቀመጣል። ከልጅነቱ የተማረው ይህንኑ ነው፤ ጭቃ ላይም ያዋጣል። በረዶ ላይ ግን ወደ ኋላ የተጋደለ ሰው ስኪውን ማዘዝ ያቅተዋል። የስኪው ፊት ይቀልና ሳንቃው እንደ ፈረስ ይዞት ይነጉዳል። ጉልበትን የሚበጥሰውም ብዙ ጊዜ እንዲህ ወደ ኋላ ወድቆ ለመነሳት መታገል ነው። ከስኪ ጉዳቶች ሲሶ ያህሉ ጉልበት ላይ የሚደርሱ ናቸው። አቋሙ ተቃራኒው ነው፦ ቅልጥም የጫማውን ምላስ ወደ ፊት ይገፋል፣ እጆች ከፊት ይታያሉ፣ ዓይን የስኪውን ጫፍ ሳይሆን የሚሄዱበትን ቦታ ያያል። ለማቆም የሁለቱ ስኪዎች ጫፍ ይቀራረባል፣ ኋላቸው ይከፈታል። መውደቅ ካልቀረ ወደ ጎን ነው፤ እስኪቆሙም ድረስ ለመነሳት አለመሞከር ነው። ይህን ሁሉ የሚያስተምረው በክፍያ የሚሠራ አሠልጣኝ ቢሆን ይመረጣል። የአክስት ልጅ ጥሩ ተንሸራታች ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ፍቅሩ ራሱ ከአቅም በላይ ወደ ሆነ ተራራ ሊያወጣ ይችላል።

ዕቃ መግዛት አያስፈልግም፤ ስኪው፣ ጫማው፣ ዱላው፣ ሄልሜቱም በኪራይ ይገኛል። ኪራይ ቤቱ ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜና የችሎታ ደረጃ ሲጠይቅ እውነቱን መናገር ግድ ነው። ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ የሚስተካከለው በዚሁ መልስ ነው። «እችላለሁ» ብሎ የተኮፈሰ ጀማሪ ማሰሪያው ይጠብቅለታል፤ ሲወድቅ ግን መላቀቅ የነበረበት ስኪ ከእግሩ ጋር አብሮ ይጠመዘዛል። ጫማው እግር የሚይዝ እንጂ የሚመች አይደለም። ቀጥ ብለው ሲቆሙ ጣት ፊቱን ይነካል፣ ጉልበት ሲታጠፍ ይለቃል፣ ተረከዝ አይነሳም። ካልሲም አንድ ብቻ፣ ያውም ስስ። ለብርድ ብሎ ሁለት የደረበ ሰው ደሙ ታፍኖ ይበልጥ ይበርደዋል። ጂንስ ሱሪና የጥጥ ቲሸርት እርጥበት ስለሚይዙ ቤት ይቀራሉ። ፀሐይ መከላከያ ቅባት ደግሞ ለነጭ ብቻ አይደለም፤ አዲስ የወረደ በረዶ የፀሐይን ጎጂ ጨረር እስከ 80 በመቶ መልሶ ያንጸባርቃል፤ ያለ መነጽርም ዓይን ያቃጥላል።

ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ወረቀት ነው። የሸንገን ቪዛ ሲጠየቅ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድን ማቅረብ ያስፈልጋል። ብዙ ሰውም ቪዛውን እንጂ ውሉን አያነብም። በርካታ የጉዞ መድኖች የክረምት ስፖርትን አይሸፍኑም፤ ወይም ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃሉ። አሜሪካ ለሚሄድ ደግሞ ማንም መድን አምጣ ብሎ አያስገድደውም፤ የጉልበት ጅማት ቀዶ ሕክምና ሒሳብ ግን ጋባዡን ቤተሰብ ለዓመታት ዕዳ ውስጥ ሊከት ይችላል። «ስኪን ይጨምራል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ አዲስ አበባ ላይ ሳሉ ጠይቆ፣ መልሱን በጽሑፍ መያዝ ነው።

ቁልቁሉ የሚያስፈራው ሰው ሮቤል የተወዳደረበትን የአገር አቋራጭ ስኪ ቢጀምር አያፍርም። ሜዳ ላይ ይሠራል፣ ለጉልበት ይራራል፣ ኪራዩም ይረክሳል፣ ለሯጭ ሳንባም ይስማማል። ቁልቁሉንም ቢሆን ለመጀመር ቬይል ድረስ መሄድ የግድ አይደለም። ከሚኒያፖሊስ በስተደቡብ ያለው በክ ሂል ከግርጌ እስከ ጫፉ 100 ሜትር እንኳ የማይሞላ ጉብታ ነው። ሮቤል ለሁለተኛ ጊዜ በተሰለፈበት በ2010 ቫንኩቨር ኦሊምፒክ በቁልቁለት ውድድር ወርቅ ያጠለቀችው ሊንዚ ቮን በልጅነቷ ስኪ የለመደችው እዚያ ጉብታ ላይ ነው።