አንዱ አረም ፍለጋ ይሄዳል፣ ሌላው ከአረም ይሸሻል

ቲክቶክ ወይም ዩቲዩብ ላይ ስታገላብጡ ሳይመጣባችሁ አይቀርም። አንድ አሜሪካዊ ኩሬ ዳር ቆሟል። ውሃው አይታይም፤ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ለብሷል። ሰውዬው የላስቲክ እንቁራሪት ይወረውርና አረሙ ላይ እየጎተተ ያዘልላታል። ድንገት አረሙ ተቀዶ አንድ ትልቅ አፍ እንቁራሪቷን ይውጣታል። ኮሜንቱ ሁሉ ‹‹ዋው›› ነው።

ዓሣው ‹‹ባስ›› ይባላል፤ አድፍጦ የሚያድን ነው። አረሙ ለእሱ ጥላም መደበቂያም ነው። ትናንሽ ዓሦችና እንቁራሪቶች እዚያው ስለሚውሉ ምግቡ ደጁ ድረስ ይመጣለታል። ስለዚህ ጀልባ የሌለው፣ ከዳር ቆሞ የሚያጠምድ ሰው አረም ያለበትን ቦታ መርጦ ነው የሚሄደው። ዕቃውም ለዚያው የተሠራ ነው። የእንቁራሪቷ መንጠቆ ሽቅብ ዞሮ ገላዋ ላይ ስለሚለጠፍ አረም ቶሎ አይዘውም። ዓሣው ከነአረሙ ስለሚጎተት ክሩ የተገመደና ጠንካራ ነው። ዓሣው ሲዘል ደግሞ ወዲያው አይሳብም፤ ክብደቱ እጅ ላይ እስኪሰማ ትንሽ ይጠበቃል። የቸኮለ ባዶ እንቁራሪቱን ይዞ ይቀራል።

ይህን ያየ ሰው ‹‹እንዴ፣ ጣናስ በእንቦጭ ተሸፍኖ የለ? የእኛ አጥማጆች ታዲያ ለምን ያማርራሉ?›› ቢል አይፈረድበትም። መልሱ ሁለት ነው።

አንደኛው፣ አረም ሁሉ አንድ አይደለም። ውሃ ውስጥ ጠልቆ የሚበቅል አረም ቀን ቀን ኦክስጅን ለውሃው ይሰጣል። እንቦጭ ግን ተንሳፋፊ ነው፤ ቅጠሉ ከውሃው በላይ ስለሆነ ኦክስጅኑን የሚሰጠው ለአየሩ ነው። ከሥሩ ያለውን ውሃ ብርሃን ይከለክለዋል፣ ሲበሰብስ ደግሞ የተረፈችውን ኦክስጅን ይጨርሳል። አምባዛ ብቅ ብሎ አየር መሳብ ስለሚችል ይቋቋመዋል፤ ሌሎቹ ያን ያህል አይታደሉም። ባስም ቢሆን የሚመቸው የአረሙ ጠርዝና ክፍተት ያለበት ቦታ እንጂ ድፍን ያለው መሀሉ አይደለም። እንቦጭ ደግሞ ክፍተት አይወድም፤ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱን እጥፍ ያደርጋል። ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ በተለይ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለውን ዳርቻ አስጨንቋል።

ሁለተኛው መልስ የሒሳብ ነው። አሜሪካዊው የወጣው ሊዝናና ነው። ብዙዎቹ የያዙትን ባስ ፎቶ አንስተው መልሰው ይለቁታል። ሰዓቱን የገዛው ለመዝናናት ስለሆነ ባዶ እጁን ቢመለስም አልከሰረም። የጣናው አጥማጅ ግን የሚሸጠው ሰዓቱን ነው። ነፋስ የሚነዳው እንቦጭ መረቡን ይዞበት ይሄዳል፣ ይቀድበታል። ከደንገል የተሠራች ታንኳው አረሙን ሰንጥቃ ማለፍ ስለማትችል ዞራ ትሄዳለች።

ለማስረዳት ያህል ብቻ፣ በስድስት ሰዓት የ600 ብር ዓሣ የሚያወጣ አጥማጅ አለ እንበል። በሰዓት 100 ብር ነው። እንቦጩ መንገዱን በሦስት ሰዓት ቢያረዝምበት ያንኑ 600 ብር በዘጠኝ ሰዓት ያገኛል፤ በሰዓት ወደ 67 ብር ወረደ ማለት ነው። አያችሁ? አንድም ዓሣ ሳይቀንስ ገቢው በሲሶ ቀነሰ። የተቀደደውን መረብ ገና አልቆጠርነውም።

ይህ ማንም የማይሰበስበው ግብር ነው። ክፋቱ ደግሞ የሚከብደው በደኻው ላይ ነው። ሞተር ያለው ነዳጁን ጨምሮ በሌላ በኩል ይዞራል፤ ባለ ታንኳው በክንዱ ይከፍላል። አረሙን ከሚያወፍሩት ነገሮች አንዱ ከማሳ ታጥቦ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያ ነው። ላይ ያለው ያርሳል፣ ታች ያለው ይከፍላል። ኢኮኖሚክስ ክፍል ‹‹ኤክስተርናሊቲ›› እያልን በግራፍ የምንስለው ይኸው ነው በቃ።

ታዲያ ምን ይሻላል? ዘመቻ ጥሩ ነው፤ ሕዝቡ ወጥቶ በእጁ ሲነቅል አይተናል። ግን የእንቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ መቆየት ይችላል። ዘመቻው አልቆ ሰው ቤቱ ሲገባ እሱ ይነቃል። እኔ የምለው፣ ከዘመቻው ጎን ለጎን ታንኳዎች የሚወጡበትና የሚገቡበት መንገድ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ይሁን፤ ሥራውም በክፍያ ለራሳቸው ለአጥማጆቹ ይሰጥ። ሐይቁን ሁሉ ማጽዳት ሩቅ ሊሆን ይችላል። የታንኳ መንገድ መክፈት ግን ቅርብ ነው፤ ሦስቱን ሰዓት የሚመልሰውም እሱ ነው።

ስለ እንቦጭ ሲወራ የምንሰማው ስንት ሄክታር እንደተሸፈነና ስንት እንደተነቀለ ነው። የአጥማጁ ሰዓት ግን ሪፖርት ውስጥ አይገባም። ጎርጎራ ወይም ደምቢያ በኩል ብቅ ካላችሁ ‹‹ጋሼ፣ ስንት ዓሣ ያዙ?›› ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ‹‹ስንት ሰዓት ፈጀብዎት?›› ብላችሁም ጠይቁ።