ስክሪኑ ሲጨልም ኮምፒውተሩ የት ላይ ቆመ?

ቁልፉን ትጫናላችሁ፤ ማራገቢያው ይሽከረከራል፣ መብራቷም ትበራለች፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። በጥገና ሱቆች "ኖ ዲስፕሌይ" የሚባለው ይህ ነው። ችግሩን የሰማ ሁሉ መድኃኒት አያጣለትም፤ አንዱ ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል ይላል፣ ሌላው ስክሪን ይቀየር ይላል፣ ብዙው ደግሞ "ፎርማት አድርገው" ብሎ ይገላገላል። ፎርማት ማድረግ ዲስኩ ላይ ያለውን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው። ሲበራ አንዲት ፊደል እንኳ የማያሳይ ኮምፒውተር ግን ብዙውን ጊዜ ገና ዲስኩ ዘንድ አልደረሰም። ያልደረሰበትን ቦታ ማጽዳት ምን እንደሚፈይድ እስካሁን ያስረዳኝ ሰው የለም።

ለእኛ ኮምፒውተር ማለት ስክሪኑ ነው። ለራሱ ለኮምፒውተሩ ግን ስክሪን ብዙ ሥራ ከሠራ በኋላ የሚደርስበት ጉዳይ ነው። ውኃ ጠፋ ሲባል የቧንቧውን ራስ ለመቀየር የሚሮጥ የለም፤ ከቆጣሪው ጀምሮ መስመሩ ይፈተሻል። እዚህም መጠየቅ ያለበት ሥራው የት ላይ ተቋረጠ ተብሎ ነው።

መጀመሪያ የሚነሳው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት ይለውጣል። ሦስቱም እስኪረጉ ድረስ ፕሮሰሰሩ እንዲነሳ አይፈቀድለትም፤ ሲረጉ ፓወር ሰፕላዩ ለዚሁ በተመደበች አንዲት ሽቦ "ዝግጁ ነው" የሚል ምልክት ይልካል። ይህ ሁሉ ግማሽ ሰከንድ ያህል እንኳ አይፈጅም። ስለዚህ የማራገቢያው መዞር ብቻውን ብዙ አይመሰክርም። ማራገቢያ 12 ቮልት ካገኘ ይዞራል፤ ሌላው መስመር ከተዛባ ግን ፕሮሰሰሩ ሳይነቃ ይቀራል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ በሚዋዥቅበት አካባቢ ፓወር ሰፕላይ ቶሎ ቢደክም አይገርምም። ዕቃው ከተጠረጠረ ደህና መሆኑ በታወቀ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ተክቶ መሞከር ነው እንጂ ሳጥኑን መክፈት አይገባም። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ቢሆን በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

ፕሮሰሰሩ ሲነቃ ማንነቱንም ያለበትንም አያውቅም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር በፋብሪካ ወደ ተወሰነለት አድራሻ ሄዶ እዚያ ያገኘውን ትእዛዝ መፈጸም ነው። ትእዛዙ ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ የተቀመጠ ፕሮግራም ነው፤ ባለሙያዎች ዛሬም ባዮስ ይሉታል። ስሙን ያወጣው በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ሲፒ/ኤም የተባለውን ሥርዓት የጻፈው ጋሪ ኪልዶል ነው። አሁን ቦታውን የያዘው ዩኢኤፍአይ ቢሆንም የቆየው ስም እንደጸና ነው።

ባዮሱ መጀመሪያ የሚገጥመው ፈተና ራም ነው። ኃይል ያገኘ ራም ወዲያው የሚሠራ ይመስለናል፤ አይሠራም። በፕሮሰሰሩና በራሙ መካከል ያሉት መስመሮች እጅግ ፈጣን ስለሆኑ ምልክቱ በየትኛው ቅጽበት መነበብ እንዳለበት በሙከራ መታወቅ አለበት፤ ይህ ሜሞሪ ትሬኒንግ ይባላል። ራሙ እስኪዘጋጅ ድረስ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ባዮሱ የሚንቀሳቀሰው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለችውን ካሽ እንደ ጊዜያዊ ማስታወሻ ተበድሮ ነው። በአዲሶቹ ዲዲአር5 ራሞች ይህ ማስተካከያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደረግ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የኤኤምዲ ኤኤም5 ማዘርቦርዶች ገበያ ላይ ሲውሉ አዲስ ኮምፒውተር የገጣጠሙ ብዙ ሰዎች የደነገጡት በዚህ ነበር። ስክሪኑ ጨልሞ ሲቆይባቸው እያጠፉ እንደገና ያበራሉ፤ ማስተካከያውም ሳይጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ጥቂት ቢታገሡ ኖሮ ችግርም አልነበረም።

ራሙ ከተዘጋጀ በኋላ የስክሪን ተራ ይደርሳል። ግራፊክስ ካርዱ የራሱ ትንሽ ፕሮግራም ስላለው እሱ ይጠራል። ሞኒተሩም በኬብሉ በኩል ይጠየቃል፤ በውስጡ ካለች ሚጢጢ ማከማቻ ማን እንደሠራው፣ ስንት በስንት ምስል እንደሚቀበል በ128 ባይት ጽፎ ይመልሳል። የድርጅቱ አርማ ስክሪኑ ላይ ብቅ የሚለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ከዚያ በፊት የተፈጠረ ችግር በስክሪን ሊነገር አይችልም፤ መንገሪያው ገና አልተከፈተማ! መሐንዲሶቹ በድምፅና በመብራት መናገርን የመረጡት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ አንድ አጭር ጢት ካሰማ ፍተሻው ደህና አለፈ ማለት ነበር። በቆዩት የአዋርድ ባዮሶች አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ድምፅ ግራፊክሱ ላይ ችግር አለ ማለት ነው፤ ቋንቋው ግን ከአምራች አምራች ስለሚለያይ የማዘርቦርዱን መመሪያ ማየት ይሻላል። የዛሬ ማዘርቦርዶች ብዙዎቹ በድምፁ ፋንታ አራት ጥቃቅን መብራቶች አሏቸው፤ ለፕሮሰሰር፣ ለራም፣ ለግራፊክስና ለማስነሻ ዲስክ አንዳንድ። ሳይጠፋ የቀረው መብራት የቆመበትን ቦታ ይናገራል። ላፕቶፖችም የካፕስ ሎክን ወይም የባትሪውን መብራት በቁጥር ያርገበግባሉ። ለጥገና የሚወስደው ሰው "ሦስቴ ብልጭ ይልና ያርፋል፣ ከዚያ አምስቴ" ብሎ ቢነግር ባለሙያው ብዙ ልፋት ይቀርለታል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ አርማው ይታያል ወይ የሚል ነው። ጨርሶ የማይታይ ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ እየሠራ ስክሪኑ ብቻ ጨልሞ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቆ ካፕስ ሎክን መጫን ነው፤ መብራቱ በተጫኑት ቁጥር በርቶ ከጠፋ ውስጡ ሕይወት አለ። ላፕቶፕ ከሆነ ክፍሉን አጨልሞ የስልክ ባትሪ አብርቶ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አድርጎ በሰያፍ ማየት ይጠቅማል። አብዛኞቹ ስክሪኖች ራሳቸው ብርሃን አያመነጩም፤ ፈሳሽ ክሪስታሉ ከኋላው ያለው መብራት የት እንዲያልፍ የት እንዲታገድ ብቻ ነው የሚወስነው። የኋላው መብራት ሲቃጠል ምስሉ እዚያው አለ። በባትሪው ብርሃን የዊንዶውስ አዶዎች ደብዘዝ ብለው ከታዩ ማዘርቦርዱም ዲስኩም ደህና ናቸው፤ የተበላሸው መብራቱ ወይም ወደ እሱ የሚሄደው ኃይል ነው። ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ከቴሌቪዥን ጋር ማገናኘትም ያንኑ ይመሰክራል።

ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ ኬብሉ የተሰካበትን ቦታ እዩ። ተጨማሪ ግራፊክስ ካርድ የተገጠመለት ኮምፒውተር ሁለት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎች ሊኖሩት ይችላል፤ አንዱ ማዘርቦርዱ ላይ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ካርዱ ላይ። መሰካት ያለበት የካርዱ ላይ ነው። ስማቸው በኤፍ የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የራሳቸው ግራፊክስ ስለሌላቸው የማዘርቦርዱ ቀዳዳ ለእነሱ ባዶ ቀዳዳ ነው።

ሞኒተሩም ኬብሉም ደህና ከሆኑ ወደ ራሙ መመለስ ነው። ሶኬቱን ነቅሎ፣ የላፕቶፕ ባትሪ የሚወጣ ከሆነ አውጥቶ፣ ማብሪያውን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ የቀረውን ኃይል ያፈሳል። አንዳንዴ ይህ ብቻውን ይበቃል። ካልሆነ ክዳኑ ይከፈታል። የዴስክቶፕ ዲዲአር4 ራም 288 ወርቅ የተቀባ መንካኪያ አለው፤ በአንዳንዶቹ ላይ የተጣበቀች ስስ ቆሻሻ መላውን ኮምፒውተር ታስቆማለች። ጫፍ ላይ ያሉትን መያዣዎች ወደ ውጭ ገፍቶ ራሙን ቀጥ አድርጎ ማውጣት፣ መንካኪያውን በንጹሕ አልኮልና በማይበጣጠስ ጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያ ጎድጎድ ያለችውን ምልክት ከማስገቢያው ጋር አስተካክሎ በሁለቱም ጫፍ መያዣው ቀጭ እስኪል መጫን። እኛ ዘንድ የታወቀው ዘዴ ላጲስ ነው። ይሠራል፣ አልክድም፤ ግን ወርቁ እጅግ ስስ ነው፣ በየጊዜው የተፋቀ መንካኪያ መዳቡ ይወጣል፣ የላጲሱ ፍርፋሪም ማስገቢያው ውስጥ ይቀራል። ሁለት ራም ካለ አንዱን አውጥቶ በየተራ መሞከር የታመመውን ይለያል። ያም ካልረዳ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥቶ መመለስ አለ፤ የተዛባ የባዮስ ቅንብር ወደ ፋብሪካው ይመለሳል።

አርማው ታይቶ ከዚያ በኋላ የሚጨልም ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ዕቃዎቹ በአብዛኛው ደህና ናቸው ማለት ነው። አርማውን የሚያሳየው ባዮሱ ያዘጋጀው ቀላል ምስል ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ የግራፊክስ ድራይቨሩ (ዊንዶውስ ግራፊክሱን የሚያዝበት ፕሮግራም) ስክሪኑን ከባዮሱ ይረከባል፤ ድራይቨሩ ከተበላሸ ርክክቡ ላይ ይጨልማል። የዊንዶውስን ቁልፍ ከኮንትሮል፣ ከሺፍትና ከቢ ጋር አንድ ላይ መጫን ድራይቨሩን እንደገና ያስነሳዋል፤ ስክሪኑ ብልጭ ይላል። የመዳፊቱ ቀስት ብቻ ጥቁር ላይ ከታየ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን ተጭኖ ታስክ ማኔጀርን ከፍቶ ኤክስፕሎረርን ማስነሳት ይቻላል። እነዚህ ካልሠሩ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ደጋግሞ ማቋረጥ የዊንዶውስን የመጠገኛ ገጽ ያመጣል፤ ከዚያ በሴፍ ሞድ ገብቶ ድራይቨሩን ማስወገድ ወይም ወደ ቀድሞው መመለስ ነው። በሊኑክስም በሽታው አንድ ነው፤ እዚያ ሲነሳ የከርነሉ (የሥርዓቱ እምብርት) ትእዛዝ መስመር ላይ "ኖሞድሴት" የሚለውን መጨመር ከርነሉ ስክሪኑን እንዳይረከብ ይከለክለዋል።

ፎርማት ትርጉም የሚኖረው እዚህ ጋ ነው፤ ያም ሌላው ሁሉ ከተሞከረ በኋላ። ከዚያ በፊት ዲስኩን አውጥቶ በዩኤስቢ ማገናኛ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ፎቶውንም ሰነዱንም መገልበጥ ይቻላል። አንድ መሰናክል አለ፦ ብዙ የቅርብ ጊዜ ላፕቶፖች ዲስካቸውን በቢትሎከር ይቆልፋሉ፣ ባዮሱ ሲነካም ሆነ ዲስኩ ወደ ሌላ ማሽን ሲዛወር 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይጠየቃል። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ስለሚቀመጥ በስልክ ገብቶ አግኝቶ ወረቀት ላይ መገልበጥ ይቻላል፤ ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል።